የቀዛፊው ፊት

ሥራውን ያገኘችልኝ ልጄ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ በጣም ስለተቀየምኳት ውለታዋን ደብቄ በደሏን ብቻ ያወራሁ እንዳይመስልብኝ ነው።

ሙያዬ ፊልም መቁረጥና መቀጠል ነው። ድሮ በእጅ፣ በመቀስና በማጣበቂያ ስንሠራ ጀምሬ እዚያው ስላረጀሁ ሰዎች «መቀስ» ይሉኛል፤ አንዳንዱማ እውነተኛ ስሜ ይመስለዋል። የምሠራባቸው ሁለቱም ስቱዲዮዎች በተከታታይ ተዘጉና አሥራ አራት ወር ሙሉ ቤት ዋልኩ። ዝምታ የምወድ ሴትዮ ከማቀዝቀዣው ጋር ማውራት ጀመርኩ።

ልጄ በአንድ ትልቅ የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዴት እንደሚራመዱ፣ እንዴት እንደሚወድቁ፣ እጃቸውን እንዴት እንደሚያነሱ የምትሠራው እሷ ናት። ኩባንያውን ያስጠራው ጌም «ቀዛፊው» ይባላል። በጦርነት ጊዜ ሰዎችን በጀልባ ወንዝ የሚያሻግር ሽማግሌ ነው። ልጄ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ስትጫወተው አይቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ማንን ቀድመህ እንደምታሻግር፣ ማንን ዳር ላይ ትተህ እንደምትሄድ የምትወስነው አንተው ነህ። ተሳፋሪ ውሃ ውስጥ ከጠፋብህ ቀዛፊው ኮፍያውን ያወልቅና ዝም ብሎ ይቆማል። የፈለግከውን ብትጫን አይንቀሳቀስም። እሱ እስኪበቃው ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።

«ይሄን ማን አሰበው?» አልኳት።

«እኔ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። ኮራሁባት።

አንድ ቀን ታዲያ ምሳ ልትበላ መጥታ፣ «እማ፣ ኩባንያው ቀዛፊውን ፊልም ሊያደርገው ነው። ኤዲተር ይፈልጋሉ» አለችኝ።

«ጌም ሠሪ ስለ ፊልም ምን ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም። አንቺን የምንፈልገው ለዚህ ነው።»

በሳምንቱ ሥራ ጀመርኩ።

ሕንፃው ስድስት ፎቅ መስታወት ነው። የተሰጠኝ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ እሱም በመስታወት የተከለለ ስለነበር፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሳፋሽግ ያየኛል። ኮሪደሩ ላይ ሰው የሚያካክሉ የፕላስቲክ ጭራቆች ቆመዋል። ወንበሮቹ እንደ እንቁላል ይወዛወዛሉ፤ አንዱ ላይ ተቀምጬ ለመነሳት ሰው መጥራት ነበረብኝ። የኩባንያው አለቃ አርባ ያልሞላው፣ ነጭ ስኒከር የሚያዘወትር፣ ሲያወራ ዓይን ዓይንህን የሚያይ ሰው ነው። ባለጌ አይደለም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው። አንድ አረፍተ ነገር ያለ ቁጥር ስለማይጨርስ ሠራተኞቹ በሌለበት «በመቶ» ይሉታል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ» አለኝ የመጀመሪያው ቀን። «ከተጫዋቾቻችን ሰማንያ አንድ በመቶ የሚሆኑት ፊልሙን ወደነዋል ብለዋል።»

«ገና ምኑም ሳይሠራ?»

«ገና ምኑም ሳይሠራ!» አለ ደስ ብሎት።

ቀዛፊውን ሆኖ እንዲሠራ የተመረጠው ጋሼ ነበር። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሃምሳውን ያሳለፈው መድረክ ላይ ነው። እኔም የፊልሙ ዳይሬክተርም ከወጣትነታችን ጀምሮ ጋሼ ስንለው ስለኖርን ሌላ ስም ያለው አይመስለንም። ሳንባውን ይታመም ነበር። ሥራውን እንዳይነጥቁት ብሎ ደበቀው፤ የምናውቀው ባለቤቱ፣ ዳይሬክተሩና እኔ ብቻ ነበርን።

ቀረጻው ሳይጀመር ጋሼን ዙሪያውን በካሜራ ወደ ተከበበ ክብ ክፍል አስገቡት። ገላው ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ልብስ አልብሰው፣ ፊቱን በነጠብጣብ ሞልተው፣ «ይሳቁ፤ ይቆጡ፤ አፍዎን በደንብ ይክፈቱ፤ አሁን ደግሞ ያልቅሱ» አሉት። ለፊልሙ የኮምፒውተር ሥራ ይጠቅማል ተብሎ ነው የተነገረው። በመስታወቱ ሲያየኝ፣ «መቀስ፣ አየሽኝ? ከባሕር የተባረረ ዓሣ አስመሰሉኝ!» ብሎ በዚያ እንደ ነጎድጓድ በሚንከባለል ሳቁ ሳቀ። ሳቁንም ቀዱት።

ቀረጻው ሰባት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱን ልንገራችሁ። ቀዛፊው የገዛ ልጁን ሬሳ ከወንዙ ያወጣል። ጽሑፉ ላይ የነበረው «አባት ይጮኻል» የሚል ነው። ጋሼ አልጮኸም። ልጁን አሸዋው ላይ አስተኛው፤ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያ ሰው ከመጥራቱ በፊት፣ ገላው ተገልጦ ማንም እንዳያየው፣ ጎንበስ ብሎ የልጁን ሸሚዝ ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ስለነበር ሦስተኛው እምቢ አለው። ተወውና ወደ አራተኛው ሄደ። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ሦስተኛውን ቆለፈው። እንዲህ አድርግ ያለው ማንም የለም። ካሜራማኑ እያለቀሰ ስለነበር ምስሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«እንድገመው፣ ጋሼ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሌላ ልጅ የለኝም» አለ ጋሼ፤ ሄዶ ጥግ ላይ ተቀመጠና ሳል ያጣድፈው ጀመር።

ያንን ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ያለ ሙዚቃ፣ አንድም ቦታ ሳልቆርጠው ተውኩት። መቁረጥ በሁለት ዓመት ይለመዳል፤ አለመቁረጥን ለመማር እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

ቀጥሎ «ሙከራ» የሚሉት መጣ። መቶ ሃያ ሰው አዳራሽ ሰብስበው፣ እያንዳንዱ እጅ ላይ የልብ ምት የሚለካ ላስቲክ አስረው ፊልሙን አሳዩአቸው። እኔ ኋላ ተቀምጬ ጀርባቸውን አያለሁ። ጋሼ ወደ ሸሚዙ ጎንበስ ሲል ከፊቴ የነበረች ወፍራም ሴትዮ የለስላሳዋን መምጠጫ አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች። አዳራሹ ውስጥ የወንበር ሲጢጥ እንኳ አልተሰማም። ተሳክቶልናል ብዬ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ በመቶ እኔንና ዳይሬክተሩን ጠርቶ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር አሳየን። መስመሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ዘጭ ይላል።

«እዚህ ጋ ሰዎቹን አጥተናቸዋል» አለ። «የልብ ምታቸው አሥራ አንድ በመቶ ወርዷል። ተሰላችተዋል ማለት ነው።»

«ልጄ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ትንፋሻቸውን ውጠው ነው እንጂ ማን ተሰላቸ? አዝነው ነው!»

«ሊሆን ይችላል፣ እናቴ። ግን መሣሪያው ሐዘንና መሰላቸትን አይለይም።»

«አንተስ ትለያለህ?»

እንዳልተቀየመኝ ለማሳየት ፈገግ አለ። ከዚያ የሚስተካከለውን ማንበብ ጀመረ። ልጁ መሞት የለበትም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው ጌም ዋና ሰው እሱ ነው። የጋሼ አሮጌ ካፖርት በኮምፒውተር በተሠራ ሰማያዊ ካፖርት ይተካ፤ ሰማያዊው ጌሙ ውስጥ ስለሚሸጥ ቢያንስ ሰባት ሰከንድ ከፊት ለፊት ይታይ። ዝምታው ይውጣ። ዳይሬክተሩን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የውሃ ጠርሙስ አንስቶ ከምን እንደተሠራ የሚናገረውን ጽሑፍ ያነባል። የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ ስለ ውሃ ይህን ያህል ማንበብ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ፊልም ምን አደከማችሁ? ማስታወቂያ አትሠሩም ነበር?» አልኩ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለኝ በመቶ።

እየቀለደ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ከሁሉም ያቅለሸለሸኝ እሱ ነው፤ ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ አልነካውም ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ሥራውን ሦስተኛ ፎቅ ላሉ ሁለት ወጣቶች ሰጧቸው፤ በአራት ቀን ጨረሱት።

ጋሼ ፊልሙ ሳይወጣ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄው ነበር። አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ተሟጦ፣ «መቀስ፣ ያቺ የሸሚዟ ነገር አለች?» አለኝ።

«አለች፣ ጋሼ። ምኗም አልተነካም።»

ዓይኑን ጨፈነ። ዋሸሁት፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እዋሸዋለሁ።

ፊልሙ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የጋሼ ባለቤት ቤቴ መጣች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አጭር፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ እንባዋን ለሰው የማታሳይ። እትዬ ነው የምላት። ሳትቀመጥ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«የጎረቤቴ ልጅ ናት የላከችልኝ። እስቲ አንቺ እዪልኝ፣ እኔ አልገባኝም። ጋሼ ምን እያደረገ ነው?»

ጌሙ ነበር። ፊልሙ እንዲሸጥ ብለው ቀዛፊውን የጋሼን ፊት አልብሰውታል። ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚገዳደሉበት ሜዳም ጨምረውበታል። አንዱ ሌላውን ገድሎ ሲጥለው ጋሼ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ ካፖርት፣ አንዳንዱ ደግሞ የዋና ቁምጣ ያለበሰው ጋሼ፣ ሬሳው ላይ ጎንበስ ይልና ሸሚዙን ይቆልፍለታል። አንድ፣ ሁለት፤ ሦስተኛው እምቢ ይለዋል፤ አራተኛው፤ ተመልሶ ሦስተኛው። ከዚያ ቀና ብሎ ወገቡን እያወዛወዘ በዚያ ነጎድጓድ ሳቁ ይስቃል። ከሥሩ «ቆልፈው!» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ይላል። የገደሉት ሰው ላይ ማላገጫ ነው፤ እየገዙ ነው የሚያላግጡበት።

ስልኩን መለስኩላት። ውሃ ልቀዳላት ኩሽና ገባሁ። ስመለስ እትዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች።

«ሳቁ የራሱ ነው» አለች። «አርባ ስድስት ዓመት የሰማሁት ሳቅ ነው። ግን በሬሳ አይስቅም ነበር። ምን አድርገው አሳቁት?»

ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። እነዚያ የሚንቀጠቀጡ ጣቶች፣ ያቺ የሦስተኛዋ ቁልፍ እምቢታ፣ በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ተሠርታ... እዚያ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ የሚሠራ እጅ አንድ ብቻ ነው። እኔ ነኝ እርሳስ አያያዝ ያስተማርኩት።

ልጄ ከሥራ ስትወጣ ቤቷ ሄድኩ። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

መካድ ትችል ነበር። «እኔ ነኝ» አለች።

«ምን እንደሆነ እያወቅሽ?»

«ሲመጣልን ቁጥር ብቻ ነው፣ እማ። እንቅስቃሴ ቁጥር ይሄን ያህል፣ ለሐሙስ ይድረስ። ቪዲዮውን ስከፍተው ነው ያወቅኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለሐሙስ አደረስኩት።»

ይህችን ልጅ ወልጃለሁ፤ ታማ ትውከቷን በእጄ ተቀብያለሁ። ተጸይፌያት አላውቅም። ያን ዕለት ግን ተጸየፍኳት። ልትስመኝ ስትጠጋ ወደ ኋላ አልኩ፤ አይታኛለች።

«እንግዲህ ጌም አይደል» አልኩ። «ሰው በሞተ ቁጥር የሚነሳበት ነገር ሞትን ከየት ያውቀዋል? እናንተን ፊልም ጋ ማን አስጠጋችሁ?»

እዚህ ጋ ተቆጣች። «ጌሙን ተዪው! ቀዛፊው ኮፍያውን ሲያወልቅ አባታቸውን አስታውሰው ያለቀሱ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ያን ያደረገው ፊልም ነው? ጌም ነው! እስቲ አሁን ክፈቺው፣ ኮፍያውን የሚያወልቅ ከሆነ። አወጡት። ፊልሙ ስለሚሮጥ ጌሙም ይሩጥ ተባለ። ፊልሙ ለጌሙ ማስታወቂያ፣ ጌሙ ለፊልሙ ማስታወቂያ ሆኑና መሐሉ ባዶ ቀረ። ፊልሜን አበላሹብኝ ትያለሽ። የእኔንስ ማን አበላሸው?»

«ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ታዲያ ለምን ሠራሽላቸው?»

«አላውቅም» አለች። «በደንብ ልሠራው ፈለግኩ። ለሌላ ሰው ብተወው ሦስተኛዋን ቁልፍ ይጥላታል ብዬ ፈራሁ።»

ገባኝ። የገባኝ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አንገሸገሸኝ። እኔም ብሆን ኖሮ ለዚያች ቁልፍ ብዬ እሠራው እንደሆነ ራሴን ጠይቄ መልሱን አልወደድኩትም።

በሳምንቱ ከእትዬ ጋር ኩባንያው ሄድን። በመቶ እስከ ሊፍቱ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን፤ ወንበር ሳበልን፤ ውሃ ቀዳልን። ከጎኑ የኩባንያው ጠበቃ ተቀምጣለች። ውሉን ገልጣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ፊቱን፣ ድምፁንና እንቅስቃሴውን፣ አሁን ባለውም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር ማንኛውም መንገድ፣ ያለ ጊዜ ገደብ» ይላል። ከሥሩ የጋሼ ፊርማ አለ፤ ለአድናቂ እንደሚፈርመው ትልቅ፣ ጭራው የተጠማዘዘ።

«የዚያን ቀን መነጽሩን ረስቶ ነው የሄደው» አለች እትዬ። «ይዤ እየሮጥኩ ወጥቼ ነበር። ታክሲው አመለጠኝ።»

«እኛም በጣም ነው ያዘንነው» አለ በመቶ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ አልዋሸም። «ዝም ብለንም አልተቀመጥንም። ለጋሼ ክብር፣ ለመታሰቢያነት፣ ‹ቆልፈው›ን ለአንድ ሙሉ ቀን ለሁሉም ተጫዋች በነፃ እንለቀዋለን።»

ጠበቃዋን አየኋት። እሷ እንኳ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች።

እትዬ ውሃውን አልነካችም። «ልጄ፣ እናት አለችህ?» አለችው።

«አለች፣ ተመስገን።»

«እሷንስ እዚያ ክብ ክፍል ታስገባታለህ?»

ፊቱ በራ። «አስገብቻታለሁ እኮ! ጌሙ ውስጥ ገበያው ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው እናቴ ናት። እንዴት እንደወደደችው! ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች።» ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። «ቆይ ላሳያችሁ፣ ሲሰርቋት እንዴት እንደምትጮኽ...»

እትዬ ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች።

«ክፉ ቢሆን እሰድበው ነበር» አለች የሊፍቱ በር ሲዘጋ። «ክፉ አይደለም። ምን ብዬ ልስደበው?»

ፊልሙን ሄጄ አየሁት። አዳራሹ ሞልቷል። ጋሼ ልጁን ከወንዝ ያወጣል፤ ሰማያዊው ካፖርት በውሃ ውስጥ ቆይቶ እንኳ አልረጠበም። ሙዚቃው ይጮኻል። ሸሚዙን ሁለት ቁልፍ እንደቆለፈ ልጁ ያስላል፣ ውሃ ይተፋል፣ ቀልድ ይናገራል። ጋሼም ፈገግ ይላል። ያንን ፈገግታ ጋሼ ፈገግ ብሎት አያውቅም፤ ከዚያ ክብ ክፍል አውጥተው የለጠፉበት ነው። ጥርሱ የራሱ ነው፣ ዓይኑ ግን የትም አያይም። ሰዎች አጨበጨቡ። እኔ የሰው እግር እየረገጥኩ ወጣሁ።

ወር ገደማ እንዳለፈ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ካርቶን ታቅፋ በሬ ላይ ቆመች። ስሊፐሯ፣ የምትስልበት ብዕር፣ አንድ የደረቀ አበባ።

«‹ቆልፈው›ን አጠፋሁት» አለች። «ካለበት ቦታ ሁሉ። ሲነቁብኝ ጥበቃው በር ድረስ ሸኘኝ።»

ሻይ አፈላሁላት። ጎሽ ልበላት፣ እስካሁን የት ነበርሽ ልበላት አላወቅኩም፤ ስለዚህ ስኳር ጨመርኩላት። ከሰዓት በኋላ «የገዛነውን መልሱ» የሚል ጩኸት ስልኳን ሞላው። በሦስተኛው ቀን «ቆልፈው» ተመልሶ መጣ። ሌላ ቢሮ ያለ ሰው ቅጂ ነበረው። ልጄ ከፍታ አየችውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ለማሳጠር ብለው ሦስተኛዋን ቁልፍ አውጥተዋታል።

ለእትዬ ደወልኩ። ልጄ ምን እንዳደረገች፣ ጌሙ ውስጥ ጋሼ ለሁለት ቀን እንዳልነበረ ነገርኳት። ስለ ሦስተኛዋ ቁልፍ አላነሳሁም።

«ሁለት ቀን?» አለች።

«ሁለት ቀን።»

«አመሰግናታለሁ በያት» አለች። «ግን እኔ ጋ እንዳትመጣ። እጇን ማየት አልችልም።»

ወደ ኩሽና ተመለስኩ። ልጄ የቀዘቀዘውን ሻይ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አለች?»

«አመሰግናታለሁ ብላለች» አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።